የካልሲየም ምርመራ በባለ 384 ዌል ፕሌት፦ ማሽኑን ከመክሰሳችሁ በፊት

በየጊዜው አንድ ዓይነት ፎቶ ይላክልኛል። ፎቶው ላይ 384 ትንንሽ ግራፎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ በአንድ ዌል (በፕሌቱ ላይ ባለ ትንሽ ጉድጓድ) ያለ ሴል ውስጥ ካልሲየም ሲጨምር የሚታየውን ብርሃን ያሳያል። ግማሾቹ ጠፍጣፋ ናቸው፤ ግማሾቹ እንዳሻቸው ይዘላሉ። ከሥሩ «ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?» የሚል ጥያቄ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ደህና ነው። ጥፋቱ የተሠራው ፕሌቱ ወደ ማሽኑ ሳይገባ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከአንድ ቀን በፊት።

መልሱን ለየብቻ ከምጽፍ ሙሉውን አሠራር እዚሁ ላስቀምጠው። ምሳሌ የማደርገው ሄክ 293 ሴል (በላብራቶሪ የሚባዛ የሰው ሴል)፣ ፍሉኦ-4 ኤኤም የተባለውን ዳይ (የሚያበራ ቀለም) እና ኤቲፒን (ሴሉን የሚቀሰቅስ ሞለኪውል) ነው። ምክንያቱም ሄክ 293 ኤቲፒን የሚቀበሉ የፒ2ዋይ ሪሴፕተሮች (በሴሉ ላይ ያሉ መቀበያዎች) በተፈጥሮው አሉት። ምንም ጂን ማስገባት አያስፈልጋችሁም። ኤቲፒው ሲነካው ሴሉ ካከማቸው ካልሲየም ይለቃል፤ ፍሉኦ-4 ደግሞ ካልሲየም ሲይዝ ይበራል። እጃችሁን በዚህ ካፍታታችሁ በኋላ የምትፈልጉትን ሪሴፕተር የያዘ ሴል ትተካላችሁ።

ማሽኑ የፍሊፐር ዓይነት ነው ብዬ እነሳለሁ። ይኸውም 384ቱንም ዌል ከሥር በካሜራ በአንድ ጊዜ የሚያይ፣ ከላይ ደግሞ 384 ቲፕ (የፒፔት አፍ) የሚይዝ የፒፔት ጭንቅላት ያለው። ተራ ፕሌት ሪደር ብቻ ያላችሁ ደግሞ ከታች የእናንተን ክፍል ታገኛላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለአንድ ፕሌት)

- ሄክ 293 ሴል፣ ወደ 7 ሚሊዮን ተኩል። ከ30 ጊዜ በላይ ያልተዛወረ ቢሆን ይመረጣል። ማይኮፕላዝማ (ሴል የሚበክል ባክቴሪያ) እንደሌለበት የተመረመረ ይሁን።
- ግድግዳው ጥቁር፣ ሥሩ ግልጽ፣ በፖሊ-ዲ-ላይሲን የተቀባ ባለ 384 ዌል ፕሌት
- ለኤቲፒ እና ለሌሎች ውህዶች ሌላ ባለ 384 ዌል ፕሌት፣ ሥሩ ሾጠጥ ያለ
- የሃንክስ ቡፈር (ለሴል የሚስማማ የጨው ፈሳሽ)፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያለው፣ ፌኖል ሬድ (ፒኤች የሚያሳይ ቀለም) የሌለው
- ሄፔስ (ፒኤችን የሚያረጋ)
- ፍሉኦ-4 ኤኤም፣ 50 ማይክሮግራም የያዘ አንድ ቱቦ
- ውሃ ያልገባበት ዲኤምኤስኦ (ማሟሚያ ፈሳሽ)
- ፕሉሮኒክ ኤፍ-127፣ 20 ከመቶ፣ በዲኤምኤስኦ የሟሟ
- ፕሮቤኔሲድ እና 1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ
- ኤቲፒ፣ 100 ሚሊሞላር፣ ፒኤቹ 7.4 ላይ የተስተካከለ
- ፕሌት ማጠቢያ፣ ባለብዙ አፍ ፒፔት፣ ለማሽኑ የሚሆን የቲፕ ሳጥን

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ

ዲኤምኤስኦ ቆዳን አልፎ ይገባል፤ በውስጡ የሟሟውንም ይዞ። የናይትራይል ጓንት አድርጉ፤ ከፈሰሰባችሁ ወዲያው ቀይሩት። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ዓይን ያጠፋል፤ መነጽር አይቅር። ሄክ 293 የሰው ሴል ስለሆነ የባዮሴፍቲ ካቢኔ ውስጥ ሥሩ፤ ቆሻሻውን በብሊች ሳታክሙ አትድፉ።

ለማሽኑ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የፕሌቱን ክዳን አንሱ። ቀላል ይመስላል። እኔ አንድ አርብ ማታ ደክሞኝ ክዳኑን ሳላነሳ አስገባሁና 384 ቲፕ ባንዴ ክዳኑ ላይ ሲወርድ ሰማሁ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

የመጀመሪያው ቀን

1. ሴሉን ነጥሉና ቁጠሩ። ሄክ 293 ከፍላስኩ በቀላሉ ይለቃል፤ ትሪፕሲን (ሴሉን ከፍላስኩ የሚያላቅቅ ኤንዛይም) ላይ ብዙ አታቆዩት። ሲጓጎል በፒፔት ቀስ እያላችሁ በትኑት። ጉብጉብ ብሎ የወረደ ሴል አንዱን ዌል ሙሉ፣ ጎረቤቱን ባዶ ያደርጋል። ከ90 ከመቶ በላይ ሕያው ካልሆነ አትቀጥሉ፤ የሞተ ሴል ዳይ አይዝም።

2. በአንድ ሚሊሊትር 300,000 ሴል አድርጋችሁ አቅጥኑት። ከዚያ በየዌሉ 50 ማይክሮሊትር ጨምሩ። ይህ በዌል 15,000 ሴል ይሆናል። ለ384 ዌል 19.2 ሚሊሊትር ይበቃል፤ መጠባበቂያ እንዲኖር 24 አዘጋጁ። ስትጨምሩ በየጥቂት ረድፉ ገንዳውን አማስሉ። ሴል ይዘቅጣል። ካላማሰላችሁ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ረድፎች ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ይሆናሉ፤ ነገ ያንን «የመድኃኒት ውጤት» ብላችሁ ታነቡታላችሁ።

3. ፕሌቱን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ለ30 ደቂቃ ተዉት። በቀጥታ ኢንኩቤተር አትክተቱት። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ቀዝቃዛ ፕሌት ሙቀት ውስጥ ሲገባ ጠርዙ ከመሃሉ ቀድሞ ይሞቃል፤ በዌሉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይዞራል፤ ሴሉም ወደ አንድ ጎን ይጠረጋል። በክፍል ሙቀት መጀመሪያ ከወረደና ከያዘ በኋላ ግን አይንቀሳቀስም። የጠርዝ ዌሎች ችግር ግማሹ የሚፈታው እዚህ ነው። ፕሌቶችን አትደራርቡ።

4. በ37 ዲግሪ አሳድሩት። ከ16 እስከ 24 ሰዓት ይበቃል።

አዲስ አበባ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ኢንኩቤተሩ 5 ከመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲል ሚዲያው (ሴሉ የሚያድግበት ፈሳሽ) በእውነት የሚያገኘው ጋዝም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የሚዲያው ፒኤች በ0.1 ገደማ ከፍ ይላል፤ ሚዲያው ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል። 6.5 ከመቶ አካባቢ ብታደርጉት ወደ ቦታው ይመለሳል። አስቀድማችሁ ግን የኢንኩቤተሩን መለኪያ በሌላ መለኪያ አመሳክሩ፤ አንዳንዱ ራሱ በግፊት ይዛባል።

ሁለተኛው ቀን

5. ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ፕሌቱን በማይክሮስኮፕ እዩ። ሴሉ ከዌሉ ሥር 80 ወይም 90 ከመቶውን በአንድ ንጣፍ መሸፈን አለበት። ማዕዘኖቹን፣ መሃሉንና ጠርዙን አነጻጽሩ። ክፍት ክፍት ቦታ በዝቶ ካያችሁ ዳዩን አታባክኑ፤ እንደገና ዝሩ።

6. ማሽኑን አብሩና ቡፈሩን አዘጋጁ። ማሽኑ ከሥራው ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀድሞ ይብራ፤ መብራቱና ካሜራው እስኪረጉ ንባቡ ይዋዥቃል። ለቡፈሩ 150 ሚሊሊትር የሃንክስ ላይ 20 ሚሊሞላር ሄፔስ ጨምሩ። ከዚያ ፕሮቤኔሲድ፦ 710 ሚሊግራሙን በ5 ሚሊሊትር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሙ፤ በላዩ 5 ሚሊሊትር ቡፈር ጨምሩ። ይህ 250 ሚሊሞላር ገደማ ነው። ከእሱ 1.5 ሚሊሊትር ወደ 150ው ስትጨምሩ 2.5 ሚሊሞላር ይሆናል። ፒኤቹን ወደ 7.4 መልሱ፤ ይህን የረሳ ሰው ሴሉን በቤዝ ሲያቃጥል ይውላል።

ፕሮቤኔሲድ ለምን? ሴሉ የገባለትን ዳይ መልሶ የሚያስወጣ ፓምፕ አለው፤ ፕሮቤኔሲድ ያንን ይዘጋል። የቻይና ሃምስተር ሴል ከሆነ የያዛችሁት ያለ እሱ አይታሰብም። ሄክ 293 ላይ ፍሳሹ ያነሰ ነው፤ ብዙ ፕሌት ስትሠሩ ግን ያስፈልጋል።

7. ዳዩን አሟሙ። ቱቦው ከፍሪዘር ሲወጣ ሳትከፍቱት ክፍል ሙቀት ላይ እስኪደርስ ጠብቁ። ቀዝቃዛ ቱቦ ሲከፈት ከአየሩ ውሃ ይስባል፤ ውሃ ደግሞ የኤኤሙን ክፍል ይቆርጠዋል። ያ ክፍል ከሌለ ዳዩ ሴል ውስጥ አይገባም። 50 ማይክሮግራሙን በ45.6 ማይክሮሊትር ዲኤምኤስኦ አሟሙ፤ 1 ሚሊሞላር ይሆናል። ከእሱ 40 ማይክሮሊትር ከ40 ማይክሮሊትር ፕሉሮኒክ ጋር ቀላቅሉ፤ ድብልቁን 10 ሚሊሊትር ቡፈር ላይ ጨምሩና በደንብ አወዛውዙ። አሁን በእጃችሁ ያለው 4 ማይክሮሞላር ዳይ ነው። ፕሉሮኒኩ የሚያስፈልገው ዳዩ ውሃ ስለማይወድ ነው፤ ያለ እሱ ተጓጉሎ ሴሉ ላይ እንደ ነጠብጣብ ይቀመጣል። ቱቦውን በፎይል ጠቅልሉ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጠቀሙበት።

8. ሚዲያውን እጠቡና ዳዩን ጫኑ። ማጠቢያው 20 ማይክሮሊትር አስቀርቶ ይምጠጥ፤ 60 ማይክሮሊትር ቡፈር ይጨምር፤ መልሶ ወደ 20 ያውርደው። ከዚያ 20 ማይክሮሊትር ዳይ ጨምሩ። በዌሉ ውስጥ 40 ማይክሮሊትር፣ 2 ማይክሮሞላር ዳይ ይኖራል። ሚዲያውን የምናስወግደው ለሁለት ነገር ነው። ሴረሙ ዳዩን ውጭ ሳለ የሚቆርጡ ኤንዛይሞች አሉት፤ ፌኖል ሬዱ ደግሞ የጀርባውን ብርሃን ከፍ ያደርጋል። ሴሉን ሙሉ በሙሉ አታድርቁት። ለአፍታ እንኳ ከደረቀ ይሞታል ወይም ይላጣል።

በ37 ዲግሪ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ በክፍል ሙቀት ሌላ 30 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ አቆዩት። የሁለተኛው 30 ደቂቃ ጥቅም ሴሉ የገባውን ዳይ ቆርጦ እንዲጨርስ ጊዜ መስጠት ነው። ያልተቆረጠ ዳይ ካልሲየም አይዝም።

9. እስከዚያው የውህድ ፕሌቱን አዘጋጁ። 40 ማይክሮሊትር ላይ 10 ስለምንጨምር ሁሉም ነገር 5 እጥፍ ይሁን። ኤቲፒ መጨረሻ ላይ 100 ማይክሮሞላር እንዲሆን ከፈለጋችሁ 500 አድርጉት። በየዌሉ 30 ማይክሮሊትር ቢኖር ቲፑ አየር አይስብም። የዲኤምኤስኦው መጠን በሁሉም ዌል እኩል ይሁን፤ ቡፈር ብቻ ባለውም ጭምር። ሴሉ ላይ ሲደርስ ከ0.5 ከመቶ አይብለጥ።

መቆጣጠሪያዎቹን (ለማነጻጸሪያ ኤቲፒ ብቻ ወይም ቡፈር ብቻ የሚጨመርባቸውን ዌሎች) ዓምድ 1፣ 2፣ 23 እና 24 ላይ አስቀምጡ። ነገር ግን ኤቲፒውን ሁሉ በግራ፣ ቡፈሩን ሁሉ በቀኝ አታድርጉ። አንድ ዌል ኤቲፒ፣ ቀጥሎ ቡፈር እያላችሁ አፈራርቁ። አለበለዚያ የፕሌቱ አንዱ ጎን ከተበላሸ ጥፋቱ ውጤት መስሎ ይታያችኋል።

10. ትርፉን ዳይ እጠቡ፤ ከዚያ ሴሉን አሳርፉት። 20 አስቀርቶ 60 መጨመር ሁለት ጊዜ ይደገም። በመጨረሻ ወደ 20 አውርዳችሁ 20 ቡፈር ጨምሩ። በዚህ አካሄድ ውጭ የቀረው ዳይ ወደ አንድ 32ኛ ይወርዳል። ማጠቢያው ፈሳሹን በዌሉ ግድግዳ በኩል ያውርድ እንጂ ሴሉ ላይ አይርጨው።

ከዚያ 15 ደቂቃ ሳትነኩት ተዉት። ሴል ሲናወጥ ራሱ ኤቲፒ ይለቃል። የለቀቀው ኤቲፒ የራሱን ሪሴፕተር ይነካና ያደክመዋል። ወዲያው ካነበባችሁ ከፍ ያለ መነሻና ደካማ ምላሽ ታገኛላችሁ። ማሽኑ የሚወቀስበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

11. ማሽኑን አስተካክሉ። የሚያነሳሳው ብርሃን ከ470 እስከ 495 ናኖሜትር፣ የሚነበበው ከ515 እስከ 575 ናኖሜትር ይሁን። ሶፍትዌሩ ላይ የመረጣችሁት የፕሌት ዓይነት በእጃችሁ ያለው ራሱ መሆኑን አረጋግጡ፤ ካልሆነ ቲፑ ሥሩን ይመታል። ዌል ኤ1 በትክክለኛው ማዕዘን ይሁን፤ በሁለቱም ፕሌት።

አሁን የሙከራ ንባብ ውሰዱ። የመነሻ ብርሃኑ ከካሜራው ጣሪያ አንድ አሥረኛ አካባቢ እንዲሆን የመብራቱን ኃይልና የካሜራውን ጊዜ አስተካክሉ። ሲበራ ብዙ እጥፍ ስለሚጨምር ከላይ ቦታ ይፈልጋል። መነሻውን ከፍ አድርጎ ማስጀመር ግራፉን ያሳምራል፤ ጫፉን ግን ጣሪያው ይቆርጠዋል። በዚሁ ንባብ የዌሎቹን መዛባት (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) ለአማካያቸው አካፍሉ። ከ10 ከመቶ በታች ከሆነ ቀጥሉ። ከበለጠ ችግሩ አዘራራችሁ ወይም አጠባችሁ ላይ ነው፤ ንባቡ አያድናችሁም።

12. ቲፑን አስተካክሉና ጀምሩ። ቲፑ ሲለቅ አፉ ከፈሳሹ ወለል ትንሽ ዝቅ ይበል። ፍጥነቱን በሴኮንድ 20 ማይክሮሊትር ላይ ጀምሩ። ቀስ ካለ ኤቲፒው ሳይቀላቀል ከላይ ይንሳፈፋል፤ ጫፉም ይዘገያል። ከፈጠነ ሴሉን ይነቅለዋል። የትኛው እንደሆነ ማወቂያው ቀላል ነው፦ ከንባብ በኋላ ፕሌቱን በማይክሮስኮፕ እዩ። ከቲፑ ሥር ክብ ባዶ ቦታ ካለ ፍጥነቱን ቀንሱ።

አነባበቡ እንዲህ ይሁን፦ ለ10 ሴኮንድ መነሻ፣ በየሴኮንዱ። ከዚያ 10 ማይክሮሊትር ይጨመር። ቀጥሎ 90 ሴኮንድ በየሴኮንዱ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ በየ3 ሴኮንዱ። የኤቲፒ ጫፍ በሴኮንዶች ውስጥ ስለሚመጣ መጀመሪያው ላይ መሰሰት አይገባም።

13. ቁጥሩን ከማውጣታችሁ በፊት ግራፉን እዩ። ትክክለኛ የኤቲፒ ምላሽ ፈጥኖ ይወጣል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። ውህዱ በተጨመረበት ቅጽበት ግራፉ ወደ ላይ ዘሎ እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ብሎ ከቀረ ግን ውህዱ ራሱ የሚያበራ ሊሆን ይችላል። ሴል የሌለበት ዌል ውስጥ ፈትኑት።

ከዚያ ከየዌሉ ጫፍ መነሻውን ቀንሱ፤ ለመነሻው አካፍሉ። የመጨመሪያውን ሴኮንድ ከስሌቱ አውጡ። ቀጥሎ ዚ-ፕራይም (ምርመራው ሁለቱን መቆጣጠሪያዎች ምን ያህል አጥርቶ እንደሚለይ የሚያሳይ ቁጥር) ይሰላል፦ የሁለቱን መቆጣጠሪያዎች መዛባት ደምሩ፣ በ3 አባዙ፣ በአማካዮቹ ልዩነት አካፍሉ፣ ውጤቱን ከ1 ቀንሱ። ለምሳሌ፣ ለቀላልነት በጥሬው የብርሃን ንባብ፣ ኤቲፒው 12,000 ሆኖ መዛባቱ 700፣ ቡፈሩ 2,000 ሆኖ መዛባቱ 200 ቢሆን፣ 900 በ3 ሲባዛ 2,700 ነው። ለ10,000 ሲካፈል 0.27፤ ዚ-ፕራይም 0.73። ከ0.5 በላይ ከሆነ ውህዶቻችሁን መፈተን ትችላላችሁ። ከዚያ በታች ከሆነ የውድ ውህድ ስብስባችሁን አታውጡ።

ብዙ ፕሌት ሲሆን

10 ፕሌት በአንድ ጊዜ ዳይ ጭናችሁ ተራ በተራ አታንብቡ። አንዱ ፕሌት ከነልውውጡ 6 ደቂቃ ቢወስድ የመጨረሻው ከመጀመሪያው 54 ደቂቃ በላይ ይጠብቃል። እስከዚያ ዳዩ ይፈስሳል። አጫጫኑንም በ6 ደቂቃ ልዩነት አድርጉት፤ እያንዳንዱ ፕሌት የሚጠብቀው ሰዓት እኩል ይሁን። መቆጣጠሪያ የሌለበት ፕሌት አይኑር፤ የትላንቱ ዚ-ፕራይም ለዛሬ አይሠራም።

የተለመዱ ስህተቶች

ሁሉም ዌል ጠፍጣፋና ደብዛዛ ከሆነ፦ ዳዩ አልገባም። እርጥበት የገባበት ቱቦ ወይም ሴረም ያልታጠበበት ፕሌት ነው። አንድ ዌል ላይ 5 ማይክሮሞላር አዮኖማይሲን (ያለ ሪሴፕተር ካልሲየም ወደ ሴል የሚያስገባ ውህድ) ጨምሩ። እሱም ካላበራው ጥፋቱ ዳዩ ላይ ነው። እሱ አብርቶት ኤቲፒው ዝም ካለ ሴሉን ወይም ኤቲፒውን ጠርጥሩ።

ሁሉም ዌል ከመጀመሪያው ደማቅ ሆኖ ምላሽ ካጣ፦ ዳዩ ውጭ ቀርቷል፣ ወይም ሴሉ ሞቷል፣ ወይም አላረፈም።

ቡፈር ብቻ የተጨመረበት ዌል ከዘለለ፦ የአጨማመሩ ግፊት ሴሉን ቀስቅሶታል። ፍጥነቱን ቀንሱ። ቡፈሩ ከሴሉ ቡፈር ጋር አንድ ዓይነትና አንድ ሙቀት መሆኑንም እዩ። ቲፕ ካልቀየራችሁ ደግሞ የቀድሞው ፕሌት ኤቲፒ ሊሆን ይችላል።

አንድ ረድፍ ብቻ ከሞተ፦ ሴል ሳይሆን ፕላስቲክ ነው። የማጠቢያው መርፌ ተደፍኗል ወይም ቲፕ በትክክል አልተቀመጠም። ባዶ ፕሌት ላይ ውሃ አስጨምራችሁ በዓይን አረጋግጡ።

ተራ ፕሌት ሪደር ላላችሁ

በባለ 96 ዌል ፕሌት፣ በዌል 50,000 ሴል፣ ዳዩን ከነቡፈሩ 80 ማይክሮሊትር አድርጋችሁ ሥሩ፤ በሪደሩ ማስገቢያ (ኢንጀክተር) 20 ማይክሮሊትር ይጨመር። ብርሃኑን ከሥር የሚያነብ ሪደር መሆን አለበት። ችግሩ ጊዜ ነው። አንድ ዌል በአንድ ጊዜ የሚያነብ ከሆነና በዌል 70 ሴኮንድ ከወሰደ 96ቱ ወደ ሁለት ሰዓት ይፈጃሉ። ስለዚህ በአንድ ዙር ከ24 ዌል በላይ ዳይ አትጫኑ፤ ያ 28 ደቂቃ ነው።

ማስገቢያው አንድ ፈሳሽ ብቻ ስለሚይዝ ብዙ ውህድ በእሱ መጨመር አይቻልም። ገልብጡት፦ ኤቲፒውን ማስገቢያው ላይ አድርጉ፤ የምትፈትኗቸውን ከልካይ ውህዶች ከ15 ደቂቃ በፊት በፒፔት ዌሉ ውስጥ ጨምሩ። ኤቲፒው ሲገባ ያላበራ ዌል ካያችሁ ከልካይ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ሴሉን ብቻ የገደለ ውህድ እንዳይሆን ግን በአዮኖማይሲን አረጋግጡ። ስትጨርሱ የማስገቢያውን ቱቦ በውሃ፣ ከዚያ በ70 ከመቶ ኤታኖል፣ እንደገና በውሃ እጠቡ። የደረቀ ጨው ቱቦውን ይደፍነዋል፤ በማግስቱ የሚመጣው ሰው ደግሞ «ማሽኑ ተበላሸ» ብሎ ፎቶ ይልክልኛል።